ዋሽንትና የባቲ ቅኝት፦ አምስት ድምፅ በአራት ቀዳዳ

ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑና በጣት የሚከደኑ ቀዳዳዎች ያሉት የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን፣ በኦሮምኛ ኡሉሌ የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከሌሎቹ የአገሪቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች መካከል እምቢልታና መለከት የጣት ቀዳዳ ስለሌላቸው ከጥቂት ድምፆች አያልፉም፤ በዚህም የተነሣ እምቢልታ ነፊዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆነው ድምፃቸውን እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ይሠራሉ። ዋሽንት ግን ሙሉውን ዜማ በአንድ ሰው ትንፋሽና ጣት የሚያወጣ በመሆኑ፣ ከብት ይዞ ቀኑን በመስክ ለሚውል እረኛ የተመቸ ሆኖ ኖሯል። ክራር ተማሪ ክሮቹን እያጠበቀና እያላላ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ የዋሽንት ቀዳዳ ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ ቦታውን አይቀይርም። ቅኝቱ ተማሪው ጣቱን ሳያሳርፍ በፊት በሸምበቆው ላይ ተወስኗል ማለት ነው። ዋሽንት መማር ቅኝትን ከመማር ተለይቶ የማይታየው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ይህም ዝግጅት የዋሽንትን ትምህርት ከባቲ ቅኝት ጋር አያይዞ ያቀርባል።

የባቲ ከተማ በአማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ የወሎ ደጋ አብቅቶ የአፋር ቆላ የሚጀምርባት በር በመሆኗ፣ በሰኞ ገበያዋ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ለግብይት ይገናኛሉ፤ ገበያዋም በአገሪቱ ስማቸው ከገነነ ገበያዎች አንዱ ነው። ይሁንና ከገበያዋ ይልቅ የከተማዋን ስም በመላው ኢትዮጵያ ያዳረሰው በስሟ የሚጠራው ቅኝት ነው። በአማርኛ ሙዚቃ ውስጥ ዋና ዋና ተብለው የሚቆጠሩት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲሆኑ፣ ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። በዚህ ምድር ላይ ዋሽንት ለመማር የሚነሣ ልጅ እንግዳ ነገር አይገጥመውም፤ ቅኝቱን በሠርግ ዘፈንና በእንጉርጉሮ እየሰማ ያደገ ነውና ጆሮው ከጣቱ ብዙ ዓመት ቀድሟል።

ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚጠቀምባቸው ድምፆች ምርጫና በመካከላቸው ያለው ርቀት ማለት ነው። አራቱም ቅኝቶች በአንድ ኦክታቭ ውስጥ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ በእጥፍ ቅጥነት እስኪደገም ባለው ርቀት ውስጥ፣ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ይይዛሉ፤ በዓለም የሙዚቃ ትምህርት ይህ ዓይነቱ አሠራር ፔንታቶኒክ ይባላል። በፒያኖ ላይ አንድ ኦክታቭ በ12 ግማሽ ድምፆች ይከፈላል፤ ግማሽ ድምፅ የሚባለውም ከአንዱ የፒያኖ መርገጫ እስከሚቀጥለው፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ያለው ርቀት ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ባቲ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልና ሲ የተሰኙትን ድምፆች ይይዛል። ከዶ እስከ ሚ አራት፣ ከሚ እስከ ፋ አንድ፣ ከፋ እስከ ሶል ሁለት፣ ከሶል እስከ ሲ አራት፣ ከሲ እስከ ላይኛው ዶ ደግሞ አንድ ግማሽ ድምፅ ሲኖር፣ ድምሩ 12 ይሆናል። ባቲ ማይነር በሚባለው ዓይነት ሚና ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚሉ፣ ርቀቶቹ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስትና ሁለት ይሆናሉ።

(እዚህ ላይ የዋሽንት ድምፅ ይሰማል፦ በመጀመሪያ የባቲ ሜጀር አምስት ድምፆች ከታች ወደ ላይ በዝግታ፤ ቀጥሎ የባቲ ማይነር አምስት ድምፆች በተመሳሳይ ፍጥነት።)

የባቲ ሜጀር ጠባይ ያለው በሁለቱ ሰፊ ዝላዮችና በሁለቱ ጠባብ እርምጃዎች መፈራረቅ ላይ ነው። ዜማው ከዶ ተነሥቶ ወደ ሚ ሲዘል ሰፊ ቦታ ይከፈታል፤ ወዲያው ከሚ ወደ ፋ በጠባቧ እርምጃ ሲጠጋ ደግሞ ውጥረት ይፈጠራል፤ ያው ነገር በሶል፣ በሲና በላይኛው ዶ መካከል ይደገማል። ትዝታ ሜጀር፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ፣ ግማሽ ድምፅ የምትባለዋ ጠባብ እርምጃ ፈጽሞ ስለሌለችበት ለስላሳ ሆኖ ሲፈስ፣ ባቲ ግን ወደ ማረፊያው ድምፅ በጠበበ መንገድ እየተጠጋ የሚያርፍ ነው። ጀማሪው ይህን ልዩነት ሸምበቆ ከመያዙ በፊት በገዛ ድምፁ እያዜመ ሊለየው ይገባል፤ በጉሮሮ ያልተያዘ ርቀት በጣት ሊያዝ አይችልምና።

አራት ቀዳዳ ከአምስት ድምፅ ጋር የሚገጥምበት መንገድ ቀላል ነው። ሁሉም ቀዳዳዎች ሲዘጉ የአየሩ ዓምድ፣ ማለትም በሸምበቆው ውስጥ የሚርገበገበው አየር፣ ሙሉውን ርዝመት ስለሚይዝ ዝቅተኛው ድምፅ ይወጣል። ከዚያ ከግርጌ ጀምሮ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ዓምዱ እያጠረ ይሄድና አራት ተጨማሪ ድምፆች ይገኛሉ፤ አንድና አራት አምስት ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዋሽንት ሁሉም ቀዳዳው ተዘግቶ ሲነፋ የሚሰጠው ድምፅ በሰከንድ ወደ 280 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሲሆን፣ ሸምበቆው ባጠረ መጠን ድምፁ ይቀጥናል። አምስቱ ድምፆች የትኞቹ እንደሚሆኑ የሚወስነው እንግዲህ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት በዚሁ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ማስላት ይቻላል። የተዘጋው ድምፅ ዶ እንዲሆን ቢታሰብ፣ ለባቲ ሜጀር የሚያስፈልጉት ቀዳዳዎች ከአፉ ሲለኩ ሚ በ47.6፣ ፋ በ44.9፣ ሶል በ40፣ ሲ ደግሞ በ31.8 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይውላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ2.7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲለያዩ በሶልና በሲ መካከል ግን ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ አለ፤ ይህን ያህል ስፋት በአንድ እጅ ጎን ለጎን ባሉ ጣቶች መሸፈን እጅግ ያስቸግራል። የተዘጋው ድምፅ ሶል እንዲሆን ቢደረግ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሲ በ47.6፣ ዶ በ44.9፣ ሚ በ35.7፣ ፋ በ33.7 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚውሉ፣ ቀዳዳዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። የታችኛው ጥንድ ለአንድ እጅ፣ የላይኛው ጥንድ ለሌላው እጅ የተመቸ ይሆናል፤ በጥንዶቹ መካከል ያለው 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታም ሁለቱ እጆች የሚለያዩበት ስለሆነ ማንንም አያስቸግርም። በጆሮ የሚሰማው የባቲ ጠባይ፣ ጠባብ እርምጃ፣ ሰፊ ዝላይ፣ እንደገና ጠባብ እርምጃ፣ በሸምበቆው ገላ ላይ በዓይን የሚታይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ አሠራር ማረፊያው ዶ የሚገኘው ሁለቱ የታች ቀዳዳዎች ተከፍተው የላይኞቹ ሁለቱ ሲዘጉ መሆኑን ተማሪው ማስታወስ ይኖርበታል። ዋሽንተኞች አንድ ብቻ ሳይሆን ርዝመታቸውና የቀዳዳቸው አቀማመጥ የተለያየ ብዙ ዋሽንቶችን ይዘው የሚንቀሳቀሱትም አንዱ ሸምበቆ ለሁሉም ቅኝትና ለሁሉም ዘፋኝ ስለማይበቃ ነው።

ይህ ስሌት መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። በመጀመሪያ ስሌቱ ቀዳዳውን የቱቦውን ያህል ሰፊ አድርጎ ያስባል፤ በእውን የሚበሳው ቀዳዳ ከዚያ ስለሚጠብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህም ወደ አፉ ጥቂት መጠጋት ወይም ሰፋ መደረግ ይኖርበታል። ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር የአገሩ ጆሮ የሚፈልገው ርቀት ከፒያኖው ርቀት ጋር ሁልጊዜ የማይገጥም መሆኑ ነው። በመሰንቆና በቅኝት ባሕርይ ላይ የተመሠረተ የዶክትሬት ጥናቷን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበችው አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊንን የመሰሉ ሰዎች የቅኝቶችን ርቀት በመለኪያ ለመመርመር የደከሙት ጉዳዩ በዶ ሬ ሚ ብቻ ተነግሮ ስለማያልቅ ነው። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ እያየ ዋሽንቱን ለፒያኖ ድምፅ የሚያስገዛ ተማሪ፣ ትክክለኛ የሚመስል ነገር ግን ወዙ የተሟጠጠ ባቲ ይዞ ይቀራል። መለኪያው ለመነሻ ያግዝ፤ ለመጨረሻው ውሳኔ ግን ቅኝቱን አብሮት የኖረ ሽማግሌ ወይም አንጎራጓሪ እናት መጠየቅ ይበልጣል።

ዋሽንት ለመሥራት የሚመረጠው ሸምበቆ በወንዝ ዳርና በረግረግ ላይ የሚበቅለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነውና በአንጓ የተከፋፈለው ተክል ነው። የአረቦቹና የቱርኮቹ ናይ የሚባለው ዋሽንት መሰል መሣሪያም የሚሠራው ከዚሁ የሸምበቆ ዓይነት ነው። ቀርከሃም ያገለግላል፤ ነገር ግን የቆላ ቀርከሃ ግንድ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ወይም ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ለዋሽንት የሚመቸው ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋው ዓይነት ነው። ሸምበቆው በስሎና ደርቆ ሳለ መቆረጥ ይኖርበታል፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ከዚያም በውስጡ ያሉት አንጓዎች በጋለ ረጅም ብረት ይበሳሉ፤ የጣት ቀዳዳዎቹም በጋለ ብረት ይቃጠላሉ እንጂ በቢላ አይፈለፈሉም፤ ቢላ ሸምበቆውን በቁመቱ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው መጀመሪያ ጠበብ ተደርጎ መበሳት፣ ከዚያ እየተነፋና እየተሰማ በጥቂት በጥቂቱ መስፋት አለበት፤ ቀዳዳ ሲሰፋ ድምፁ ይወጣል፣ ከሚገባው በላይ ከወጣ ግን በሰም ከማጥበብ በቀር መመለሻ የለውም።

ለጀማሪ ተማሪ ግን በግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከማንኛውም ሸምበቆ የተሻለ ነው። ይህን አባባል ባህልን ማቃለል አድርገው የሚያዩት ይኖራሉ፤ ሆኖም ፕላስቲኩ በሙቀት አይሰነጠቅም፣ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ ቀዳዳው ቢበላሽ በትንሽ ገንዘብ ሌላ ይገዛል፤ ተማሪውም ሦስት አራት ቱቦ እያበላሸ የቀዳዳን ምሥጢር በእጁ ይማራል። ጥሩ ሸምበቆ የሚገባው ድምፅ ማውጣትና ጣት ማሳረፍ ለቻለ ሰው ነው።

የዋሽንት ትምህርት ከባዱ ክፍል የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ዋሽንት እንደ ፉጨት መጫወቻ ትንፋሹን የሚመራ መንገድ በአፉ ላይ የለውም፤ የትንፋሹን መስመር የሚሠራው የነፊው ከንፈር ራሱ ነው። በዚህ ረገድ ዋሽንት ከናይና ከቡልጋሪያው ካቫል ጋር ይመደባል፤ ሦስቱም በጫፋቸው ወደ ጎን ዘንበል ተደርገው ይነፋሉ፣ ሦስቱም ጀማሪን ያስቸግራሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሸምበቆው አፍ ጠርዝ ስል እስኪሆን ይፋቃል፤ ሸምበቆው ዘንበል ብሎ በከንፈር ላይ ያርፋል፤ ከንፈርም የአፉን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል፤ በጠባቧ የከንፈር ክፍተት የሚወጣው ቀጭን ትንፋሽ ከፊት ለፊት ያለውን ስል ጠርዝ ይመታል። ትንፋሹ ጠርዙ ላይ ሲደርስ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ እየተወዛወዘ በሸምበቆው ውስጥ ያለውን አየር ያርገበግበዋል፤ ድምፅ የሚባለውም ይኸው መርገብገብ ነው። ትንፋሹ ከጠርዙ በላይ ካለፈ ወይም ከሥሩ ከገባ ከሹክሹክታ በቀር ምንም አይሰማም።

ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዳዳ በሌለው ቱቦ ብቻ ቢለማመድ ይመረጣል፤ ጣቶቹ ሥራ ስለማይኖራቸው ሐሳቡ ሁሉ በከንፈሩ ላይ ይሆናል። ድምፅ ሳይወጣ ሲቀር ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ጠንክሮ መንፋት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ተቃራኒው ነው፦ ትንፋሹን ቀንሶ ክፍተቱን ማጥበብ፣ ከዚያም የሸምበቆውን ዝንባሌ በጣም በዝግታ መለዋወጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ይወለዳል፤ ተማሪው ያን ዝንባሌ በመስታወት እያየ ወይም በጣቱ እየዳሰሰ ያጠናዋል። በዚህ ልምምድ ወቅት ራስ ማዞር የተለመደ ነው፤ ይህም ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ስለሚቀንስ የሚመጣ ሲሆን፣ ማዞሩ እንደተሰማ ልምምዱን አቋርጦ ተቀምጦ በመደበኛው አተነፋፈስ ማረፍ ይገባል።

(እዚህ ላይ ሦስት ድምፆች ይሰማሉ፦ ከጠርዙ ያለፈ ትንፋሽ፣ ግማሽ ሹክሹክታ የተቀላቀለበት ድምፅ፣ በመጨረሻም የጠራ ረጅም ድምፅ።)

ድምፁ ከጠራ በኋላ የጣት ሥራ ይጀመራል። ቀዳዳ የሚከደነው በጣት ጫፍ ሹል ሳይሆን በሥጋማው ክፍል ነው፤ ከአራቱ አንዱ በፀጉር ውፍረት እንኳ ክፍት ከቀረ ዝቅተኛው ድምፅ እምቢ ይላል። የተማሪው መጥፎ ልማድ ሲፈራ ጣቱን መጫን ነው፤ የተጫነ ጣት ለመነሣት ይዘገያል፤ የላላ ጣት ግን በደንብ ይዘጋል፣ በፍጥነትም ይነሣል። ከላይኞቹ ቀዳዳዎች አንዱን ብቻ ከፍቶ ልምምድ መጀመር በመጀመሪያ ቀላል ቢመስልም፣ ሁሉንም ዘግቶ ከግርጌ አንድ በአንድ እየከፈቱ መውጣትና በዚያው መንገድ መውረድ ጣቶቹን በሥርዓት ያሠለጥናቸዋል።

አምስቱ ድምፆች እንደተያዙ፣ ያንኑ የጣት አያያዝ ሳይለውጡ ከንፈርን ጠበብ፣ ትንፋሽን ፈጠን በማድረግ ድምፁን አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ማዝለል ይቻላል፤ ሁለት ጫፉ ክፍት በሆነ ቱቦ ውስጥ ያለ አየር ተከፍሎ ሲርገበገብ መጀመሪያ የሚሰጠው እጥፉን ቅጥነት ነውና። ስለዚህ አራት ቀዳዳ ብቻ ያለው ሸምበቆ አሥር ድምፅና ከዚያም በላይ ይሰጣል፤ ለወሎ ዜማዎች ስፋት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ዋሽንትን ዋሽንት የሚያሰኘው ውበት ግን የሚገኘው በድምፆቹ መካከል ነው፦ ጣትን ከቀዳዳው ላይ ቀስ ብሎ በማንሸራተት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተት፣ ጣትን በፍጥነት በማንሣትና በማሳረፍ ድምፁን ማርገብገብ፣ ትንፋሽን በሆድ በመግፋት ማወዛወዝ። እነዚህ ጌጦች የሚመጡት ዜማው ሳይንተፋተፍ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ባዶ ዜማን በጌጥ ለመሸፈን የሚሞክር ጀማሪ የባቲን ጠባብ እርምጃዎች በመንሸራተት አጥፍቷቸው ይቀራል።

በትምህርት ቤት ደረጃ ዋሽንት በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከክራርና ከመሰንቆ ጋር ይሰጣል። የትምህርት ቤቱ መሥራች ዳይሬክተር የነበረው የሙዚቃ ሊቅ አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘ ድርሰት ለኦርኬስትራ መድረሱ፣ የመስኩ መሣሪያ በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነን አቀናባሪ ምን ያህል እንደማረከ ያሳያል። ኖታ፣ ማለትም የሙዚቃ ጽሕፈት፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ አስፈላጊ ነው። በባቲና በከሚሴ ላለ ጀማሪ ግን የመጀመሪያው መምህር ኖታ መሆን አይገባውም፤ ዜማውን አንድ ሐረግ ብቻ ሰምቶ፣ አዚሞ፣ ከዚያ በጣት ፈልጎ የማግኘት ልማድ ከማንኛውም ወረቀት በላይ ጆሮን ይገነባል። የሰማውን ሐረግ በሌላ ቀን ሳያዳምጥ ማስታወስ የቻለ ተማሪ ኖታውን በኋላ ሲማረው ይቀለዋል።

ዋሽንተኛው ከሌሎች ጋር መጫወት ሲጀምር አንድ አዲስ ጉዳይ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በትውልድ ግብፃዊ የሆነው አቀናባሪ ሀሊም ኤል-ዳብህ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመውና ኋላም በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩትን ዋሽንትን፣ ክራርን፣ መሰንቆን፣ በገናንና እምቢልታን የመሳሰሉ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ማሰባሰቡ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ክራርና መሰንቆ ክራቸው ይጠብቃል ይላላል፤ የማይለወጠው ዋሽንቱ ስለሆነ ባለክሮቹ ከእርሱ ድምፅ ጋር ይስማማሉ።

ዋሽንቱም ቢሆን ከአየሩ ሙቀት ነፃ አይደለም። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ በፍጥነት ስለሚጓዝ፣ 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ የተስተካከለ ሸምበቆ በውስጡ ያለው አየር 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ግማሽ ድምፅ እኩሌታ በሚጠጋ መጠን ይቀጥናል፤ በደሴ ብርድ ከክራር ጋር የተስማማ ዋሽንት ወደ ባቲ ሙቀት ሲወርድ ድምፁ ወደ ላይ ሲሸሽ የሚሰማው በዚህ ነው። ነፊው ከመጫወቱ በፊት ሸምበቆውን ለጥቂት ደቂቃ በትንፋሹ ማሞቅ፣ ባለክራሩም ክሮቹን የሚቃኘው ሸምበቆው ከሞቀ በኋላ መሆን ይኖርበታል፤ ቀድሞ የተቃኘ ክራር በመጀመሪያው ዘፈን አጋማሽ ላይ ከዋሽንቱ ጋር ይለያያል።

(የዝግጅቱ መዝጊያ፦ ዋሽንትና ክራር በባቲ ሜጀር ቅኝት፣ ያለ ዘፈን።)